የሜካፕ ብሩሽ በጎንደር፦ አመራረጥ፣ አጠቃቀምና አያያዝ

በጎንደር ጥር የሰርግ ወር ነው። ጥር 11 ጥምቀት በአፄ ፋሲል መዋኛ ይከበራል፤ በማግስቱ ቃና ዘገሊላ ይውላል፤ ከዚያ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። በእነዚህ ሳምንታት የከተማዋ የውበት ሳሎኖች ጎሕ ሳይቀድ መብራት ያበራሉ። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ስለ ፋውንዴሽኑ (የፊትን ቆዳ ቀለም ስለሚያስተካክለው ቅባት) እና ስለ ሊፕስቲኩ ይጠይቃሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ስለተዘረጋው ብሩሽ የምትጠይቅ ግን ከስንት አንዷ ናት። ያው አንድ ቀለም በጥሩ ብሩሽ ሲቀባ ከቆዳ ጋር ይዋሐዳል፤ በመጥፎ ብሩሽ ሲቀባ ጠርዙ እየታየ ፊት ላይ ተለይቶ ይቀራል። ገንዘብ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ርካሽ ቀለምና ጥሩ ብሩሽ ይሻላል የሚለው የዚህ ጽሑፍ አቋም ነው።

ነባሩ የአካባቢው የውበት ሥርዓት ብሩሽ አያውቅም ነበር። ኩል በቀጭን ዘንግ ይኳላል፣ ቅቤ በእጅ ይቀባል፣ እንሶስላም እጅና እግር ላይ ተደርጎ ይሞቃል። በከተማዋ ብሩሽን አሳምሮ የሚያውቀው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። የሥዕል አጥኚዎች የጎንደርን አሣሣል በሁለት ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ስልት ፊት የሚሠራው በደማቅ መስመርና ወጥ በሆነ ቀለም ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በጎለመሰው ሁለተኛው ስልት ግን ከብርሃን ወደ ጥላ ቀስ እያለ የሚሸጋገር ቀለም ፊቱን ሙሉና ክብ ያስመስለዋል። የሜካፕ ብሩሽ ሥራም ይኸው ሁለተኛው ነው፤ አንዱ ቀለም የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ዐይን እንዳይለየው ማድረግ።

ብሩሽ ሦስት ክፍሎች አሉት፦ ጸጉሩ፣ ጸጉሩን አቅፎ የያዘው የብረት አንገትና እጀታው። ጸጉሩ ከእንስሳ ወይም ሰው ሠራሽ ይሆናል። ከእንስሳ ጸጉር በብዛት የሚሠራበት የፍየል ነው፤ የሽኮኮና የፈረስም አለ። የእንስሳ ጸጉር ላዩ በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ስለሆነ ደረቅ ዱቄትን ይዞ ፊት ላይ በልኩ ይለቃል። ፋውንዴሽንንና ክሬምን ግን ይመጥጣል፤ ይህ ቀለም ያባክናል፣ ሲታጠብም ያስቸግራል። ሰው ሠራሹ ለስላሳና ቀዳዳ የለሽ ስለሆነ ለፈሳሽና ለክሬም ይመረጣል፣ ቶሎ ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል። ዛሬ የሚሠሩት ደኅና ሰው ሠራሽ ጸጉሮች ዱቄትንም በደንብ ይይዛሉ። ጸጉሩ ከየትኛው እንስሳ እንደመጣ ለሚያሳስባቸው ሙስሊሞችና ክርስቲያኖችም ሰው ሠራሹ ጥያቄውን ያቀልላቸዋል።

በዓለም ላይ በዚህ ሙያ ስሙ የገነነው በጃፓን ሂሮሺማ አውራጃ የምትገኘው ኩማኖ ነው። የጽሕፈት፣ የሥዕልና የሜካፕ ብሩሾችን የምትሠራው ይህች ትንሽ ከተማ ጃፓን ውስጥ ከሚመረቱት ብሩሾች ወደ 80 በመቶ የሚሆነውን ታቀርባለች። እዚያ የታወቀ አንድ ደንብ አለ፤ የእንስሳ ጸጉር ጫፉ በመቀስ አይቆረጥም። ጸጉሩ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ እየተደረደረ ክብነቱን ይይዛል እንጂ ታስሮ ከተጠናቀቀ በኋላ አይከረከምም። ተፈጥሯዊው ጫፍ እየቀጠነ የሚሄድ ስለሆነ ቆዳን አይወጋም፤ የተቆረጠው ግን እንደ ገለባ ይቆረቁራል። ጎንደር ገበያ ላይ ጉንጭ የሚያሳክክ ብሩሽ ያጋጠማት ሴት ምክንያቱን እዚህ ታገኘዋለች።

ገበያ ላይ ፈተናው ቀላል ነው። በቅዳሜ ገበያም ሆነ በፒያሳ ሱቆች ስብስቡ በፕላስቲክ ታሽጎ ሊሸጥ ይችላል፤ ቢያንስ አንዱን ከፍቶ ለማየት መጠየቅ ነውር የለውም። በመጀመሪያ ጸጉሩን በጉንጭ ወይም በእጅ ጀርባ ላይ ማስኬድ፤ መውጋት የለበትም። ቀጥሎ ጸጉሩን በጣቶች ይዞ ቀስ አድርጎ መሳብ። አዲስ ብሩሽ አንድ ሁለት ጸጉር ቢጥል ደንብ ነው፣ አምስት ስድስት ከመጣ ግን ማጣበቂያው ደካማ ነው። ከዚያ አንገቱን ይዞ እጀታውን ማወዛወዝ፤ መነቃነቅ የለበትም። ጥሩ አንገት እጀታው ላይ ዙሪያውን ተጨምቆ የተያዘ ስለሆነ የመጨመቂያው ጎድጓዳ መስመር ይታያል። የብሩሹ ጸጉር በጣት ታጥፎ ሲለቀቅ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ሻጩ «የፍየል ጸጉር ነው» ካለ የወደቀችውን አንዲት ጸጉር ማቃጠል ነው። የእንስሳ ከሆነች የተቃጠለ ጸጉር ትሸታለች፣ ሰው ሠራሽ ከሆነች ቀልጣ ትንሽ ጠጣር ጠብታ ትሆናለች። ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ይህች አንዲት ጸጉር ትበልጠዋለች።

ብዙ ቁጥር ያለው ስብስብ ያማልላል፤ ሃያ አራት ብሩሽ በአንድ ቦርሳ ሲታይ ሀብት ይመስላል። ከእነዚህ ውስጥ በየቀኑ የሚነሡት ጥቂቶች ናቸው፣ የተቀሩት አቧራ ይሰበስባሉ። ለቤት ሰባት ይበቃሉ፤ ጥቅጥቅ ያለ አናቱ ጠፍጣፋ የፋውንዴሽን ብሩሽ፣ ትልቅ ለስላሳ የፓውደር፣ ገደድ ብሎ የተቆረጠ የጉንጭ ቀለም፣ ጠፍጣፋና ትንሽ የዐይን ቆብ፣ ሾጠጥ ያለ ለስላሳ የዐይን ማዋሐጃ፣ ቀጭን ሰያፍ የቅንድብና የኩል፣ እንዲሁም ጠመዝማዛው የቅንድብ ማበጠሪያ። ሁሉም ከአንድ ስብስብ መምጣት የለባቸውም። ገንዘብ በመጀመሪያ ለፋውንዴሽኑና ለዐይን ማዋሐጃው ይውጣ፤ የእነዚህ ሁለቱ ጥፋት ከሩቅ ይታያል።

አጠቃቀሙ ላይ ትልቁ ስሕተት አጥብቆ መጫን ነው። ብሩሽ ወደ እጀታው ጫፍ በተያዘ ቁጥር እጅ ይቀልላል። ፋውንዴሽን ከፊት መካከል ተጀምሮ በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ ወደ ጸጉር መስመርና ወደ አገጭ ሥር ይወጣል። ፓውደር ሲነከር ትርፉ ይራገፋል፣ ከዚያ በመጥረግ ፈንታ በቀስታ እየተጫነ እየተነሣ ይቀባል፤ ከተጠረገ ከሥሩ ያለውን ፋውንዴሽን ያነሣዋል። በጠፍጣፋው የዐይን ብሩሽ ቀለሙ ይቀመጣል፣ በማዋሐጃው ደግሞ ጠርዙ ወዲያና ወዲህ እየተባለ ይበተናል። የዐይን ቀለም ከፋውንዴሽን ቀድሞ ቢሠራ የረገፈው ዱቄት በቀላሉ ይጠረጋል። የሀበሻ ቀሚስ ለሚለበስበት ሰርግ ሌላም ቅደም ተከተል የግድ ነው። በጥለቱ አጠገብ ነጩ ላይ ያረፈ የጉንጭ ቀለም በቀላሉ አይለቅምና ቀሚሱ ሁሉም ካለቀ በኋላ ይለበሳል። ሙሽሮች ለፎቶ ወደ ፋሲል ግቢ ወይም ወደ ጎሃ ኮረብታ ይሄዳሉ። የሳሎን መብራት የሸሸገውን ጠርዝ የቀትር ፀሐይ ያወጣዋል፤ ስለዚህ ሙሽራዋን ከመሸኘት በፊት በር ላይ አቁሞ በቀን ብርሃን ማየት ይገባል።

ከሁሉ በላይ ሊነገር የሚገባው ግን ንጽሕና ነው። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ብሩሽ በየ7 እስከ 10 ቀኑ እንዲታጠብ ይመክራል። ይህ ለአንድ ሰው ፊት ነው። በአንድ ጠዋት ሙሽራን፣ ሚዜዎችንና እናትን በሚነካ ብሩሽ ላይ ደንቡ ይጠብቃል፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ከመሻገሩ በፊት ተጠርጎ በ70 በመቶ አልኮል መጽዳትና መድረቅ አለበት። ብጉር የሚያባብሱ፣ ቆዳ የሚያቆስሉና ዐይን የሚያቀሉ ጀርሞች በብሩሽ ይተላለፋሉ። የአማራ ክልል ትራኮማ አጥብቆ ካስቸገራቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በሽታው ደግሞ ከዐይን በሚወጣ ፈሳሽ በእጅና በጨርቅ ይዛመታል። ስለዚህ የኩልና የዐይን ሽፋሽፍት መቀቢያን መዋዋስ እህት ከእህቷም ቢሆን ሊቀር ይገባል። ደንበኛም የራሷን የዐይን ብሩሽ ይዛ ብትመጣ ባለሙያዋን እንደናቀች አይቆጠርባት።

አስተጣጠቡ ብዙ ውኃ አይፈልግም፤ የአንገረብ ግድብ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትንሽ ሳፋ ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት የሕፃን ሻምፑና አንድ ጆግ ማለቅለቂያ ለሰባቱም ይበቃሉ። ጸጉሩ ወደ ታች ተደርጎ መዳፍ ላይ ይታሻል፣ ውኃው እስኪጠራ ይለቀለቃል። ውኃ ወደ አንገቱ ውስጥ ከገባ ማጣበቂያውን ያላላል፣ የእንጨት እጀታውንም ያሳብጠዋል፤ ስለዚህ ብሩሽ አይዘፈዘፍም። በፎጣ ተጨምቆ፣ ቅርጹ በጣት ተስተካክሎ፣ ጸጉሩ ከጠረጴዛ ጠርዝ ወጣ ብሎ ጥላ ውስጥ ተጋድሞ ይደርቃል። እርጥብ ሳለ ጸጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ቆሞ የደረቀ ብሩሽ ውኃውን ወደ ሥሩ ይጠጣል። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ትልልቆቹ ብሩሾች በአንድ ሌሊት ላይደርቁ ይችላሉ፤ እርጥቡን ቦርሳ ውስጥ መዝጋት ሻጋታ መጋበዝ ነው።

በዚህ መልክ የተያዘ ብሩሽ ዓመታት ያገለግላል። ታጥቦም የሚሸት፣ በየዕለቱ ጸጉር የሚያረግፍ ወይም ቅርጹን ይዞ መቆም ያቃተው ብሩሽ ግን ከዐይንና ከፊት መራቅ አለበት፤ አጭሩና ጠንካራው ከሆነ የስፌት መኪና ጥርሶችን አቧራ ለመጥረግ ገና ይጠቅማል።