ሽፍታ ምንድን ነው?

«ሽፍ ብሎብኛል» እንላለን። ፊት ላይ የወጣውም ሽፍታ ነው። የሕፃን ጀርባ ላይ የታየውም ሽፍታ ነው። ሳሙና ቀይረን ክንዳችን ላይ የተነሳውም ያው ሽፍታ ነው። ግን ሽፍታ የበሽታ ስም አይደለም። እንደ ትኩሳት ሁሉ ምልክት ነው። መነሻው ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ አለርጂ ሊሆን ይችላል፣ የወሰድነው መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ለሽፍታ የሚሆን ቅባት ስጠኝ» ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ሽፍታ?» ነው።

የቆዳ ሐኪሞች ለዚህ መልስ የሚፈልጉት ከመልኩ ተነስተው ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮበርት ዊላን እ.ኤ.አ. ከ1798 ጀምሮ ባሳተመው ሥራ የቆዳ በሽታዎችን በሚታየው ቅርጻቸው ከፋፍሏቸዋል። ዛሬ ካርዳችን ላይ ከሚጻፉት ቃላት ብዙዎቹ በዚያ አከፋፈል ውስጥ የነበሩ ናቸው። ሲሰሙ ይከብዳሉ፤ ሲገቡን ግን ቀላል ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ቆዳው ትንሽ እንበል። ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ኤፒደርሚስ ይባላል። የደም ሥር የለውም። ሴሎቹ ከታች ይፈጠሩና በአራት ሳምንት ገደማ ወደ ላይ ወጥተው ይረግፋሉ። ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚመረተውም በዚሁ ሽፋን ወለል ላይ ነው። ከሥሩ ደርሚስ አለ። የደም ሥሩ፣ ነርቩ፣ የላብ ዕጢው እዚያ ነው። ከዚያ በታች ስብ።

አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑና ሽፍታው ላይ ጣታችሁን በቀስታ አሳልፉ። ቀለሙ ተለውጦ ሳለ ጣታችሁ ምንም ካላገኘ፣ ያ ማኪዩል ነው። ስፋቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ፓች ይባላል። ለምጽ እና ማድያት እዚህ ይመደባሉ። ጣታችሁ ትንሽ ጠጠር ያለ ነገር ከነካ ፓፒዩል ነው። ሰፋ ብሎ ከፍ ያለው ደግሞ ፕላክ ነው፤ ክርን እና ጉልበት ላይ ብርማ ቅርፊት ለብሶ የሚወጣውን ሶሪያሲስ አስቡ። ወደ ውስጥ ጠልቆ እንደ ፍሬ የሚዳሰሰው ኖዱል ነው።

ውሃ ከቋጠረ ቬሲክል፣ መግል ከያዘ ፐስቹል ይባላል። ብጉር ያለበት አንድ ፊት ላይ ፓፒዩል፣ ፐስቹል እና ኖዱል አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ጥርት ያለ ውሃ የቋጠሩ ቬሲክሎች ተሰብስበው በሰውነት አንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ከወጡ ግን ሐኪሙ ወዲያው አልማዝ ባለጭራን ያስባል። የቺክን ፖክስ ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሲነሳ የሚመጣ ሕመም ነው። ሽፍታው የነርቩን መስመር ስለሚከተል አብዛኛውን ጊዜ የሰውነትን መሐል አያልፍም። ማቃጠሉ ሽፍታው ከመታየቱ ቀናት ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። መድኃኒቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ስለዚህ «እስቲ ልየው» ብሎ ሳምንት መቆየት አያዋጣም።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «ሽፍታ ቀይ ነው» የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ሐምራዊ፣ ቡናማ ወይም ግራጫ መስሎ ይታያል፤ አንዳንዴ ጨርሶ ላይለይ ይችላል። «አልቀላም፣ ስለዚህ ደህና ነው» አትበሉ። ሙቀቱን፣ እብጠቱን እና ሕመሙን ፈትሹ። ሽፍታው ከዳነ በኋላ ወራት የሚቆየው ጥቁር ምልክትም በሽታው አልዳነም ማለት አይደለም። ቆዳው ሲቆጣ የተረፈ ሜላኒን ነው፤ ቀስ እያለ ይለቃል።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን የጭርት ነገር ነው። ጭርትን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ክብ ነው፤ ጠርዙ ከፍ ብሎ ቅርፊት ይዟል፣ መሐሉ ጠራ ያለ ነው። የሚያመጣው ፈንገስ ነው። ሰው ግን «ማሳከክ ያቆማል» ተብሎ ቤታሜታዞን የተባለ የቆዳ መቆጣትን የሚቀንስ መድኃኒት ያለበት ቅባት ይቀባዋል። በሁለት ሦስት ቀን ማሳከኩ ጋብ ይላል። መቆጣቱ ቀነሰ እንጂ ፈንገሱ አልሞተም፤ እንዲያውም እየተስፋፋ ነው። ያ ግልጽ ቀለበት ይጠፋና ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል። ቲኒያ ኢንኮግኒቶ ይሉታል፤ መልኩን የደበቀ ጭርት ማለት ነው። ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የተቀባ ቅባት የሽፍታውን መታወቂያ ያጠፋዋል።

አንዳንዱ ሽፍታ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። የጠራ ብርጭቆ ጎን ሽፍታው ላይ ጫን አድርጉ። አብዛኛው ሽፍታ በብርጭቆው ውስጥ ሲታይ ይደበዝዛል፤ ደሙ ከሥሮቹ ስለሚገፋ ነው። ካልደበዘዘ ደሙ ከደም ሥር ወጥቶ ቆዳ ውስጥ ፈስሷል ማለት ነው። ከትኩሳት ጋር ከመጣ ማጅራት ገትርን ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዱ ደም ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ በውስጥ እጅ፣ በውስጥ እግር ወይም የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ ማየት ይቀላል። ግን ምርመራው ደህና ቢመስልም ሕመምተኛው ከተዝለፈለፈ አትጠብቁ። ከንፈር ወይም ምላስ አብጦ መተንፈስ ካስቸገረ፣ ወይም አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ አፍና ዓይን ቆስሎ ቆዳ ከተላጠም እንዲሁ ነው።

አንድ የቀረ ዓይነት አለ፦ ዊል። አበጥ ብሎ በጣም የሚያሳክክ፣ ቦታ የሚቀያይር። እኔን ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክከኝ አድሮ ጠዋት ሐኪም ፊት ስቀርብ ክንዴ ላይ ምንም አልነበረም። እንደዋሸሁ ተሰማኝ። ሐኪሟ ግን መጥፋቱ ራሱ መልስ እንደሆነ ነገረችኝ። አንዱ ዊል አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ምልክት ሳይተው ይጠፋል፤ ሌላው በሌላ ቦታ ይነሳል። ኡርቲካሪያ የሚባለው አለርጂ መሰል ሽፍታ መለያው ይህ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲወጣብኝ አንዱን በእስክሪብቶ ከበብኩት፣ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ ሰዓቱንም ከጎኑ ጻፍኩ። በማግስቱ ክቡ ብቻ ቀርቶ ነበር።