የሆስፒስ አገልግሎት ጥራት እንዴት ይመዘናል? አጠቃላይ ዳሰሳ

ሆስፒስ መዳን ለማይጠበቅለት ሕመምተኛ የሚሰጥ እንክብካቤ ነው። በሽታውን ማሳደድ ይቀርና ትኩረቱ ሁሉ ወደ ሰውየው ይዞራል። ሕመሙ ይታገሣል፣ የትንፋሽ ማጠሩ ይቀልለታል፣ ጭንቀቱ ይደመጣል። አስታማሚው ቤተሰብም አብሮ ይደገፋል። አንዳንድ አገልግሎት ሰጪዎች አልጋ ያለው የራሳቸው ቤት አላቸው። ብዙው ሥራ ግን የሚሠራው ሕመምተኛው በሚኖርበት ቤት ነው።

የዚህን አገልግሎት ጥራት መመዘን ከሌላው ሕክምና ይከብዳል። የቀዶ ሕክምና ክፍል ስንት ሰው ድኖ እንደወጣ ይቆጠርለታል። በሆስፒስ ግን ሞት የሥራው ውድቀት ስላልሆነ የዳነና የሞተ ቆጥሮ ደረጃ ማውጣት አይቻልም። አገልግሎቱን ያገኘው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ቆይቶ አይመሰክርም። የሚመሰክረው አስታማሚው ነው፤ እሱም ሐዘን ላይ ሆኖ። አንዴ የተበላሸ ነገር ደግሞ ተመልሶ አይታረምም። መለኪያዎቹ በየዘመኑና በየአገሩ ቢለያዩም ሁሉም ዞረው የሚመጡበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ሕመምተኛው ሲቸገር በስንት ሰዓት ይደረስለታል?

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

ለሚሞቱ ሰዎች ማረፊያ የሚሆኑ ቤቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ ሊዮን፣ ቀጥሎም በ1879 በአየርላንድ ደብሊን ተከፍተዋል። የያዟቸው በአብዛኛው የሃይማኖት ማኅበራት ነበሩ።

ዘመናዊው ሆስፒስ ግን ከአንዲት ሴት ስም ጋር ይነሣል። ሲሲሊ ሶንደርስ በ1918 እንግሊዝ ውስጥ ተወለደች። መጀመሪያ ነርስ ነበረች። ጀርባዋን ስትታመም ያንን ሥራ ትታ የሆስፒታል ሶሻል ወርከር ሆነች። በ1948 ዴቪድ ታስማ የሚባል ከፖላንድ የመጣ ስደተኛ በካንሰር ሲሞት አጠገቡ ነበረች። ሁለቱ ለሚሞቱ ሰዎች ስለሚሆን የተሻለ ቤት ብዙ ተነጋግረዋል። እሱም ለሥራው መነሻ 500 ፓውንድ ተወላት። ሐኪም ካልሆንሽ ማንም አይሰማሽም ሲሏት እንደገና ተማሪ ሆና በ1957 በሕክምና ተመረቀች። የለንደኑ ሴንት ክሪስቶፈርስ ሆስፒስ ሥራ የጀመረው በ1967 ነው። ከታስማ ስጦታ እስከዚያ ቀን 19 ዓመት አለፈ። እንዲህ ያለ ጽናት በሕክምና ታሪክ ውስጥም ብዙ አይገኝም።

ሶንደርስ ለጥራት ምዘና ሁለት ነገር ትታለች። አንደኛው ሕመምን የምታይበት መንገድ ነው። የሚሞት ሰው ሕመም ከሥጋው ብቻ አይመጣም። የአእምሮ ጭንቀት፣ የቤተሰብና የገንዘብ ጣጣ፣ የመንፈስ ጥያቄም አለበት። ይህን ሁሉ አንድ ላይ «ጠቅላላ ሕመም» አለችው። ዛሬም ማንኛውም ከባድ መመዘኛ በእነዚህ አራት በሮች ይገባል። ሁለተኛው ሞርፊን የሚባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ አሰጣጥ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛው እስኪጮህ ይጠበቅ ነበር። እሷ ግን መድኃኒቱ በአፍ፣ በየተወሰነው ሰዓት፣ ሕመሙ ተመልሶ ከመነሣቱ በፊት እንዲሰጥ አደረገች። የቤት ለቤት አገልግሎቱ በ1969 ተጨመረ።

የመጀመሪያዎቹ ከባድ ምዘናዎችም የተካሄዱት እዚያው ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ኮሊን መሪ ፓርክስ የትዳር አጋራቸውን በሞት ያጡ ሰዎችን አነጋገረ። የሴንት ክሪስቶፈርስ ሕመምተኞችን ቤተሰቦች በሌሎች ሆስፒታሎች ከሞቱት ሰዎች ቤተሰቦች ጋር አነጻጸረ። መጀመሪያ ላይ በሕመም ማስታገሥ ረገድ የሆስፒሱ ብልጫ በግልጽ ታየ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሲደገም ግን ልዩነቱ ጠቦ ተገኘ፤ ሆስፒታሎቹ ተሻሽለው ነበርና። ይህን እንደ ሆስፒስ ሽንፈት የሚቆጥር ካለ ነገሩን ገልብጦታል። ጥሩ አሠራር ወደ ጎረቤት መሻገሩ ነው የታየው።

በ1970ዎቹ አገልግሎቱ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻገረ። በ1974 በኮነቲከት ግዛት፣ በ1975 ደግሞ በካናዳ ሞንትሪያል በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ተጀመረ።

አሜሪካ፦ ብዙ የተጻፈበት ተሞክሮ

ስለ ሆስፒስ ጥራት እንደ አሜሪካ ብዙ መረጃ የሚወጣበት አገር የለም። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን በ1982 በወጣ ሕግ ለሆስፒስ መክፈል ጀመረ። ከፋይ ካለ ቁጥጥር አለ።

አገልግሎቱን ለማግኘት በሽታው በተለመደው መንገዱ ከሄደ ሕመምተኛው ከስድስት ወር በላይ እንደማይኖር ሁለት ሐኪሞች ማረጋገጥ አለባቸው። ክፍያው በአራት እርከን ነው። የመጀመሪያው የተለመደው የቤት እንክብካቤ ነው። ሁለተኛው ሕመሙ ሲጠና ነርስ ቤት ውስጥ ለረጅም ሰዓት የምትቆይበት ነው። ሦስተኛው ቤት ውስጥ ሊታገሥ ላልቻለ ሕመም ተቋም ውስጥ መተኛት ነው። አራተኛው አስታማሚው እስኪያርፍ ሕመምተኛው እስከ አምስት ቀን ሌላ ቦታ የሚቆይበት ነው። አራቱንም በስም የያዘ ሁሉ አራቱንም በተግባር ይሰጣል ማለት አይደለም። አንድን አገልግሎት ሰጪ ለመፈተሽ አንዱ ጥሩ መንገድ እዚህ ላይ መጠየቅ ነው።

ደንቡ ሰዓት ይቆጥራል። አንድ ሰው አገልግሎቱን ከመረጠ በኋላ ነርስ በ48 ሰዓት ውስጥ መጥታ የመጀመሪያውን ግምገማ ማድረግ አለባት። ሙሉው ግምገማ በአምስት ቀን ይጠናቀቃል። የእንክብካቤ ዕቅዱ ቢያንስ በየ15 ቀኑ ይታያል። ነርስ ሌትም ቀንም መገኘት አለባት። በጎ ፈቃደኞች ለሕመምተኛው እንክብካቤ ከሚውለው ሰዓት ቢያንስ 5 በመቶውን መሸፈን ይጠበቅባቸዋል። ሕመምተኛው ካረፈም በኋላ ቤተሰቡ እስከ አንድ ዓመት የሐዘን ድጋፍ ያገኛል። በጎ ፈቃደኛን በሕግ ግዴታ ያደረገ የሕክምና ዘርፍ ብርቅ ነው። ሆስፒስ ከሕዝብ መሀል የወጣ ሥራ መሆኑን ይህች አንቀጽ ታስታውሳለች።

ከ2015 ጀምሮ አንድ ወጥ የቤተሰብ መጠይቅ በመላ አገሪቱ ይሰበሰባል። የሚላከው ሕመምተኛው ካረፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ለዋናው አስታማሚ ነው። ከቤተሰቡ ጋር በደንብ ተነጋግረዋል? እርዳታ በጊዜው ደርሷል? ሕመምተኛው በክብር ተይዟል? ሕመሙ ታግሧል? ለእናንተስ እንዴት ማስታመም እንዳለባችሁ አሳይተዋችኋል? መንፈሳዊ ድጋፍ ነበር? መጨረሻ ላይ ቤተሰቡ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ለሌላ ሰው ትመክሩታላችሁ ወይ ተብሎም ይጠየቃል። በ2022 ውጤቱ በኮከብ ብዛት ደረጃ ተሰጥቶት ለሕዝብ መውጣት ጀመረ።

ሌላው መለኪያ በመጨረሻዎቹ ቀናት ያለው ጉብኝት ነው። ነርስ ወይም ሶሻል ወርከር ከመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ቢያንስ በሁለቱ በአካል መጥተዋል ወይ ይባላል። ከቁጥር መለኪያዎች ሁሉ ለቤተሰብ የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል። ጣዕሩ የሚከብደው፣ አስታማሚው የሚርበደበደው በእነዚያ ቀናት ነውና።

የመንግሥት ፍተሻዎች ያሳዩት ግን አያኮራም። የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2012 እስከ 2016 ከተፈተሹት ሆስፒሶች ከ80 በመቶ በላዩ ቢያንስ አንድ ጉድለት ተገኝቶባቸዋል። ከዚህ ውስጥ ብዙው የሰነድና የዕቅድ ጉድለት ነው። ሕመምተኛ የተጎዳባቸውም አሉ። ከዚያ በፊት በ2014 የወጣ ሕግ ፍተሻው ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንዲደረግ አዟል። በ2021ዱ የበጀት ሕግ ደግሞ የፍተሻ ውጤት ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ተወስኗል።

ሌሎች አገሮች

በእንግሊዝ ሆስፒሶችን የሚፈትሸው የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን ነው። አገልግሎቱ ከአደጋ የራቀ ነው? ውጤት አለው? ርኅራኄ አለው? የሰውን ፍላጎት ይሰማል? በአግባቡ ይመራል? ብሎ ይጠይቅና በአራት እርከን ደረጃ ያወጣል።

አውስትራሊያ በ2005 የጀመረችው አሠራር ከሁሉም ለየት ይላል። እዚያ የሚለካው ሕመምተኛው በሕይወት እያለ ነው። ሁኔታው በድንገት ከተባባሰ በሦስት ቀን ውስጥ መረጋጋት አለበት። ይህም ከመቶ 90 ጊዜ እንዲሳካ ይጠበቃል።

ኡጋንዳ ውስጥ ሆስፒስ አፍሪካ በ1993 ሲመሠረት መለኪያው ቀላል ነበር፦ ሞርፊን አለ ወይስ የለም? በዱቄት መጥቶ በውኃ የሚበጠበጥ ርካሽ ሞርፊን ወደ ቤት ለቤት እንክብካቤ ገባ። በ2004 ደግሞ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ለሕመምተኛ እንዲያዝዙት ሕጉ ፈቀደ። ሐኪም ባልበዛበት አገር ይህ ታላቅ ሥራ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት የማስታገሻ እንክብካቤ (ሆስፒስን የሚጨምር፣ ስቃይን የሚያቀልል እንክብካቤ) ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። መድኃኒቱ በሌለበት ስለ ኮከብ ማውራት ትርጉም የለውም።

የመለኪያው ዓይነት

በ1966 የሕክምና ጥራት ተመራማሪው አቬዲስ ዶናቤዲያን የሕክምናን ጥራት በሦስት ከፍሎ አየ፦ ያለው አቅም፣ የሚሠራው ሥራና የተገኘው ውጤት። ሆስፒስም በዚሁ ይታያል። አቅም ማለት የነርስ ብዛት፣ የሌሊት ተረኛ፣ የመድኃኒት ክምችት ነው። ሥራ ማለት ሕመም መጠየቁ፣ ሞርፊን ለሚወስድ ሰው የሆድ ድርቀት መድኃኒት አብሮ መታዘዙ፣ የአልጋ ቁስል መከላከሉ ነው። ውጤት ማለት ሕመሙ በእርግጥ መቀነሱ ነው። አቅምን መቁጠር ይቀላል። ውጤትን መለካት ይከብዳል። ስለዚህ ብዙ ተቆጣጣሪ ቀላሉ ላይ ያተኩራል።

ውጤት ለመለካት በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት መጠይቆች አሉ። በ1991 በካናዳ ኤድመንተን የተዘጋጀው ሕመም፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት የመሳሰሉትን ለየብቻ ያስመዝናል። ዛሬ ሕመምተኛው ራሱ ከ0 እስከ 10 ይሞላዋል። ሁለተኛው በ1999 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ወጥቶ ኋላ የተሻሻለው ነው። ቤተሰብህ ተጨንቆብሃል? ልብህ ሰላም አለው? ያልተቋጨ ጉዳይ አለ? ብሎ ይጠይቃል። እነዚህን ጥያቄዎች በሌላ የሕክምና ክፍል የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

መጠይቅ ለይስሙላ ሲሞላ ምን እንደሚደርስ የእንግሊዙ የሊቨርፑል አሠራር አሳይቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሆስፒስን ልምድ ወደ ሆስፒታል ለማስገባት ታስቦ የተዘጋጀ የቅጽ ዓይነት ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። በየሆስፒታሉ ሲበዛ ግን አንዳንድ ቦታ ሳጥን ምልክት ማድረግ ብቻ ሆነ። ቤተሰቦች ሳናውቅ ውኃና ምግብ ቀረ ብለው አቤት አሉ። በ2013 በባሮነስ ጁሊያ ኑበርገር የተመራ ግምገማ ተካሂዶ አሠራሩ እንዲቀር ተደረገ። ግምገማው በደንብ በተሠራበት ቦታ ሰዎች በሰላም መሞታቸውንም መስክሯል። ቅጹ በሠለጠነ ሰው እጅና ባልሠለጠነ ሰው እጅ አንድ አልነበረም።

አከራካሪ ጉዳዮች

ዛሬ በአሜሪካ ካሉት ሆስፒሶች አብዛኞቹ ለትርፍ የሚሠሩ ናቸው። በቤተሰብ መጠይቅ እነዚህ በአማካይ ዝቅ ያለ ነጥብ እንደሚያገኙ ጥናቶች አሳይተዋል። በእርግጥ አማካይ ስለ አንድ ተቋም አይፈርድም፤ ከሁለቱም ወገን ጎበዝም ሰነፍም አለ። ቢሆንም ክፍያው በቀን በሆነበት ሥርዓት ብዙ የሚቆይና ትንሽ የሚጎበኝ ሕመምተኛ አትራፊ መሆኑ ግልጽ ነው።

በሕይወት እያሉ ከአገልግሎቱ የሚወጡ ሰዎች ቁጥርም ያከራክራል። አንዳንዱ ተሽሎት ይወጣል። አንዳንዱ ሐሳቡን ይቀይራል። ወጪው ሲበዛ የሚሰናበትም ሊኖር ይችላል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በሌላ መንገድ ሊታገሥ ላልቻለ ስቃይ ሕመምተኛውን በመድኃኒት ማስተኛት ዕድሜ ያሳጥራል የሚሉ አሉ። በልኩ ከተሰጠ እንደማያሳጥር ያሉት ጥናቶች ያመለክታሉ። ጥሩ ተቋም ይህን የሚያደርገው በጽሑፍ መመሪያና ቤተሰቡን አስረድቶ ነው።

ሆስፒስ መግባት ሞትን መጥራት ነው የሚለው ግን ስሕተት ነው። ይልቅ ብዙዎች የሚመጡት ዘግይተው፣ ቀናት ሲቀሩ ነው። ያን ጊዜ የቱም ጎበዝ ነርስ ልትሠራው የምትችለው ይወሰናል።

ቤተሰብ ራሱ ሲመዝን

ኮከብና ሪፖርት በሌለበትም መመዘን ይቻላል። ሌሊት ስልክ የሚያነሣው ማን ነው? ነርስ ናት ወይስ መልእክት ተቀባይ? ነርስ ትምጣ ከተባለ ቤት ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ቅዳሜና እሑድስ? የአደጋ ጊዜ መድኃኒት አስቀድሞ ቤት ይቀመጣል? አንዲት ነርስ ስንት ሕመምተኛ ትይዛለች? ያቺው ነርስ ትመላለሳለች ወይስ በየቀኑ አዲስ ፊት ይመጣል? በቤት የማይታገሥ ሕመም ቢመጣ የት ይተኛል? መልሱ «እናየዋለን» ከሆነ ሌላ መጠየቅ ነው።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብዙ ይናገራሉ። ነርሷ ሕመሙን ጠይቃ መድኃኒት ከለወጠች በኋላ «ሠራ ወይ?» ብላ ትደውላለች? አስታማሚውን እንዴት ማገላበጥ፣ እንዴት ማጠብ እንዳለበት አሳየችው? ደግሞስ «አንተ ራስህ ተኝተሃል?» አለችው?

አገልግሎቱ ካልጣመ ታግሦ መቆየት ግዴታ አይደለም። በአሜሪካው ደንብ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የአገልግሎት ጊዜያት 90 90 ቀን ናቸው። ከዚያ በኋላ በየ60 ቀኑ ይታደሳል። በእያንዳንዱ ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ ሆስፒስ መቀየር ይቻላል። ለዚህም የሚቀየርበት ቀንና የሁለቱ ሆስፒሶች ስም ያለበት ወረቀት ፈርሞ ለሁለቱም መስጠት ይበቃል።