«እመን፣ ግን አረጋግጥ»፦ ሬገን ከሩሲያውያን የተዋሱት አባባልና የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች አረዳድ

«እመን፣ ግን አረጋግጥ» በአሜሪካ ፖለቲካ ውስጥ የሮናልድ ሬገን መታወቂያ ሆኖ የቀረ አባባል ነው። ዛሬም ስለ ኢራን ኑክሌር፣ ስለ ቻይና ንግድ ወይም ስለ ሩሲያ ሚሳኤል ክርክር በተነሳ ቁጥር አንዱ ሪፐብሊካን ሴናተር ይጠቅሰዋል። ላይ ላዩን ሲያዩት ግማሽ እምነት፣ ግማሽ ጥርጣሬ ያለበት ለዘብ ያለ ምክር ይመስላል። አጠቃቀሙን ለተከታተለ ግን ክብደቱ ያለው «አረጋግጥ» የሚለው ላይ ነው። ማረጋገጥ ማለት ደግሞ ማየት ብቻ አይደለም፤ ያዩት ነገር ከተገባው ቃል ሲለይ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መወሰንንም ይጨምራል። የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች እርስ በርሳቸውም ሆነ ከተቃዋሚዎቻቸው ጋር አጥብቀው የሚከራከሩት በዚህ በመጨረሻው ክፍል ላይ ነው።

የእኛው «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» የሚነገረው ከወደቁ በኋላ ነው። የሩሲያው አባባል ግን ገና ሳይወጡ ኮርቻውን እንዲፈትሹ ያዛል።

በሩሲያኛ «ዶቬርያይ፣ ኖ ፕሮቬርያይ» ይባላል፤ ቤት ስለሚመታ በቃል ለመያዝ ይቀላል። ለሬገን ያስተማሯቸው ስለ ሩሲያ ታሪክና ባህል የሚጽፉት አሜሪካዊቷ ሱዛን ማሲ ናቸው። ማሲ ከ1984 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ወደ ኋይት ሐውስ ይመላለሱ ነበር። ሩሲያውያን በተረትና ምሳሌ መነጋገር ይወዳሉና ፕሬዚዳንቱ ጥቂት ቢያውቁ እንደሚጠቅማቸው መከሯቸው። ሬገን ከተማሯቸው ሁሉ ይህኛውን አጥብቀው ያዙት። ዲሴምበር 8 ቀን 1987 ከሶቪየት ኅብረቱ መሪ ከሚኻይል ጎርባቾቭ ጋር የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎችን ስምምነት ኋይት ሐውስ ውስጥ ሲፈርሙም በሩሲያኛ አሉት። ጎርባቾቭ «በስብሰባው ሁሉ ይህንኑ ይደግሙታል» ሲሏቸው አዳራሹ ሳቀ፤ ሬገንም «እወደዋለሁ» ብለው መለሱ።

ይህ ሳቅ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ከጀርባው ያለው የስምንት ዓመት ፍጥጫ ግን ይረሳል፤ አባባሉ ትርጉም ያገኘው በዚያ ፍጥጫ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1970ዎቹ መጨረሻ ኤስኤስ-20 የተባለውን፣ እያንዳንዱ ሦስት የኑክሌር ፈንጂ የሚሸከም ተንቀሳቃሽ ሚሳኤል በምዕራብ አውሮፓ ላይ ማነጣጠር ጀመረች። ኔቶ ዲሴምበር 1979 ላይ በአንድ በኩል ለመደራደር፣ በሌላ በኩል 108 ፐርሺንግ-2 እና 464 ክሩዝ፣ በድምሩ 572 የአሜሪካ ሚሳኤሎችን አውሮፓ ውስጥ ለመትከል ወሰነ። ሬገን ኖቬምበር 1981 ላይ ሁለቱም ወገኖች ይህን ዓይነት መሣሪያ ሙሉ በሙሉ ያጥፉ የሚል ሐሳብ ሲያቀርቡ ብዙዎች የማይሆን ነገር ነው አሏቸው። በ1983 መጨረሻ ሚሳኤሎቹ ምዕራብ ጀርመን መግባት ሲጀምሩ ሶቪየቶች ድርድሩን ረግጠው ወጡ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ያንኑ ሐሳብ ተቀብለው ፈረሙ። ወግ አጥባቂዎች «በጥንካሬ የሚገኝ ሰላም» ሲሉ በዋነኛነት የሚያስቡት ይህን ታሪክ ነው፤ እምነቱም ማረጋገጡም የመጡት ሚሳኤሎቹ ከተተከሉ በኋላ ነበርና።

«አረጋግጥ» በተግባር ምን ማለት እንደነበረ በዝርዝር ማየት ተገቢ ነው፤ አባባሉን የሚጠቅሱት አብዛኞቹ እዚህ ድረስ አይሄዱምና። ስምምነቱ ከ500 እስከ 5,500 ኪሎ ሜትር የሚጓዙ፣ ከምድር የሚተኮሱ ሚሳኤሎችን ሁሉ ከለከለ። በመጀመሪያ ሁለቱ አገሮች የሚሳኤሎቻቸውን ብዛት፣ የማስወንጨፊያዎቻቸውን ቁጥርና እያንዳንዱ የሚገኝበትን ቦታ የሚገልጽ ዝርዝር ተለዋወጡ። ቀጥሎ ተቆጣጣሪዎች ዝርዝሩ በተጠቀሱት ቦታዎች ካለው ጋር መግጠሙን ለማየት ተላኩ። ሚሳኤሎቹ ሲወድሙም ተቆጣጣሪ ቆሞ ያይ ነበር፤ አንዳንዶቹ በፈንጂ ጋዩ፣ የፐርሺንግ ሞተሮች ተቃጠሉ፣ የክሩዝ ሚሳኤሎች በመጋዝ ተሰነጠቁ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ድንገተኛው ፍተሻ ነበር። የተቆጣጣሪዎቹ ቡድን ወደ አገሪቱ ከመድረሱ 16 ሰዓት ቀደም ብሎ እየመጣ መሆኑን ብቻ ያሳውቃል፤ የትኛውን ጣቢያ እንደሚፈትሽ አይናገርም። የቦታውን ስም የሚጠራው ከደረሰ በኋላ ነው። ስሙ ከተጠራበት ጊዜ አንስቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከዚያ ጣቢያ ሚሳኤል ሊይዝ የሚችል ማንኛውም ነገር እንዳይንቀሳቀስ ይታገዳል፤ በ9 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ቡድኑ እዚያ መድረስ አለበት። እንዲህ ያለ ፍተሻ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በዓመት 20፣ በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት 15፣ በመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት ደግሞ 10 ጊዜ ተፈቀደ። ሰዓቶቹ እንዲህ የተጣበቡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሚደብቅ ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ጊዜ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ እያንዳንዱ ወገን በሌላው የሚሳኤል ፋብሪካ በር ላይ እስከ 30 የሚደርሱ ተቆጣጣሪዎችን ቀንና ሌሊት አስቀመጠ። አሜሪካውያኑ ከኡራል ተራሮች በስተምዕራብ ቮትኪንስክ ከተማ፣ ሶቪየቶቹ ዩታ ግዛት ማግና ውስጥ ተቀመጡ። ቮትኪንስክ የተመረጠችው በምክንያት ነው። እዚያ የሚሠራው፣ ያልተከለከለው የኤስኤስ-25 የመጀመሪያ ክፍል ከተከለከለው ኤስኤስ-20 ጋር ከውጭ ሲታይ ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ከበሩ የሚወጣ ረጅም ማሸጊያ ሁሉ መታየት ነበረበት። ተቆጣጣሪዎቹ ማሸጊያዎቹን ሳይከፍቱ በራጅ የሚያይ መሣሪያ ለመጠቀም ማርች 1990 ላይ ሲዘጋጁ ሶቪየቶች አንፈቅድም አሉ፤ ጥቂት ሚሳኤሎችም ሳይታዩ ወጡ። ክርክሩ በኋላ ተፈታ። ጨዋታው ሁሉ በአንድ የፋብሪካ በር ላይ እንደሚወሰን ግን በግልጽ ታየ።

እስከ 1991 አጋማሽ ድረስ አሜሪካ 846፣ ሶቪየት ኅብረት 1,846፣ በድምሩ 2,692 ሚሳኤሎች ወደሙ።

አሁን ሁሉም ወግ አጥባቂ ሬገንን ያጨበጨበላቸው የሚመስለው ካለ ስህተት ነው። ኮንሰርቫቲቭ ኮከስ የተባለው የወግ አጥባቂዎች ቡድን መሪ ሃዋርድ ፊሊፕስ ፕሬዚዳንቱን «ለሶቪየት ፕሮፓጋንዳ የሚጠቅም ጅል» ብለው ሰደቧቸው። ሴኔቱ ሜይ 1988 ላይ ስምምነቱን በ93 ድምፅ ሲያጸድቅ ከተቃወሙት አምስት ሴናተሮች አራቱ ሪፐብሊካኖች ነበሩ፤ ግንባር ቀደሙ የሰሜን ካሮላይናው ጄሲ ሄልምስ ናቸው። ከሄልምስ ተቃውሞዎች አንዱ እስከ ዛሬ መልስ ያሻዋል። ስምምነቱ ሚሳኤሉን እንጂ የኑክሌር ፈንጂውን አያወድምም ነበር፤ ሚሳኤሉ ከመውደሙ በፊት ፈንጂው ይነቀልና ለባለቤቱ ይመለሳል። ሌላው ጥያቄያቸው ከአሁን በፊት ቃሉን ያፈረሰ ወገን እንዴት ይታመናል የሚል ነበር። እዚህ ላይ እውነት ነበራቸው። ሶቪየቶች በሳይቤሪያ ክራስኖያርስክ የሠሩት ግዙፍ ራዳር ሚሳኤል መከላከያን የሚገድበውን የ1972ቱን ስምምነት የሚጥስ መሆኑን ዓመታት ሙሉ ሲክዱ ኖረው፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ሼቫርድናድዜ ኦክቶበር 1989 ላይ አመኑ።

ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ነገርም ተገኘ። በ1990 ምሥራቅ ጀርመን ከተከለከሉት ወገን የሆኑ፣ ኤስኤስ-23 የተባሉ ሚሳኤሎች በእጇ እንዳሉ አሳወቀች። ቼኮዝሎቫኪያና ቡልጋሪያም ነበሯቸው። ሶቪየቶች ከስምምነቱ በፊት አስተላልፈዋቸው ነበር፤ ዝርዝሩ የሚጠይቀው ደግሞ የራስን ንብረት ብቻ ነው። የተቆጣጣሪ ዓይን የሚያየው አስቀድሞ ሊያይ የተስማማበትን ነው። ስለዚህ ጥሩ ተደራዳሪ ከፍተሻው በፊት ዝርዝሩ ላይ ይጣላል።

ሬገን ራሳቸው አባባሉን ያብራሩት ጃንዋሪ 11 ቀን 1989 በስንብት ንግግራቸው ነው። አሁንም እመን ግን አረጋግጥ ነው፤ ተጫወት፣ ግን ካርታውን ክፈለው፤ በቅርብ ተመልከት፤ ያየኸውንም ለማየት አትፍራ አሉ። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ከአባባሉ ራሱ ይበልጥ ከባድ ናት ብዬ አምናለሁ። ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ይህን ያሳያል።

የፍተሻ መብቱ የተሰጠው ለ13 ዓመት ብቻ ስለነበር ሜይ 2001 ላይ አበቃ። ክልከላው ግን የጊዜ ገደብ አልነበረውም። ሕጉ ቀረ፣ ዓይኑ ተነሳ። የኦባማ አስተዳደር ጁላይ 2014 ላይ ሩሲያ ስምምነቱን የጣሰ ሚሳኤል መሞከሯን በይፋ ሲገልጽ ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያይ ተቆጣጣሪ አልነበረም። ሩሲያ 9ኤም729 የተባለው ሚሳኤል ከ480 ኪሎ ሜትር አያልፍም ብላ ጃንዋሪ 2019 ላይ ለጋዜጠኞችና ለወታደራዊ ልዑካን አሳየችው። አሜሪካኖች አልተገኙም፤ የቆመ ሚሳኤል አይቶ ምን ያህል እንደሚጓዝ ማወቅ አይቻልም ብለው። ከ2014 እስከ 2019 ያሉትን ዓመታት ወግ አጥባቂዎች «አይቶ አለማየት» ብለው ይወቅሷቸዋል። የትራምፕ አስተዳደር ኦገስት 2 ቀን 2019 ከስምምነቱ ወጣ። መውጣቱን የደገፉ ቃሉን የጣሰ ወገን ካልተቀጣ ቃል የገባ ሁሉ ይጥሳል ይላሉ። የተቃወሙት፣ በተለይ አውሮፓውያን፣ በእነዚህ ሚሳኤሎች ላይ የነበረው ገደብ ተነሳ ብለው ፈሩ። ጥሰቱ ሲረጋገጥ ምን እንደሚደረግ በመጀመሪያ ቀን ቢጻፍ ኖሮ ምርጫው በዚህ መልክ ባልመጣ ነበር።

የ2015ቱ የኢራን ኑክሌር ስምምነት ይኸው ክርክር የተደገመበት ነው። ናታንዝንና ፎርዶን በመሳሰሉ በታወቁ ቦታዎች ቁጥጥሩ የማያቋርጥ ነበር፤ ይህን ተቺዎቹም መካድ አይችሉም። የተጠረጠረ፣ ያልታወቀ ቦታ ሲሆን ግን ውዝግብ ከተነሳ ሰዓቱ ይረዝማል፤ 14 ቀን ለመነጋገር፣ 7 ቀን የስምምነቱ አባል አገሮች ለተወከሉበት የጋራ ኮሚሽን፣ 3 ቀን ለመፈጸም፣ በድምሩ 24 ቀን። በ1987ቱ ስምምነት 9 ሰዓት የነበረውን ላስታወሰ ወግ አጥባቂ ይህ የማይዋጥ ነበር። በፓርቺን ወታደራዊ ጣቢያ ናሙናውን ኢራናውያን ራሳቸው ወስደው ለዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ማስረከባቸው ቁጣውን አባባሰው። ሌላው ተቃውሞ ከ2001 የተማሩት ነው፤ ዩራኒየም ማበልጸግን በ3.67 በመቶ፣ ክምችቱን በ300 ኪሎ ግራም የሚወስነው ገደብ በ15 ዓመት ያበቃ ነበር።

በሌላ በኩል ኤጀንሲው ትራምፕ ሜይ 2018 ላይ እስኪወጡ ድረስ ኢራን ገደቦቹን መጠበቋን በተደጋጋሚ ገልጾ ነበር። ይህን መሸሽ ለአባባሉ መታመን አይሆንም፤ ያየኸውን ለማየት አትፍራ ማለት ደስ የማይል ማስረጃንም ይጨምራል።

በቻይና ላይ አባባሉ ተገልብጧል። የዚያን ጊዜው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማይክ ፖምፔዮ ጁላይ 2020 ካሊፎርኒያ፣ በኒክሰን ቤተ መጻሕፍት ባደረጉት ንግግር ከቤጂንግ ጋር የሚሆነው «አትመን፣ እናም አረጋግጥ» ነው አሉ። የዚያው ዓመት ጃንዋሪ 15 ቀን የተፈረመው የንግድ ስምምነት በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው። ቻይና በሁለት ዓመት ውስጥ ከ2017ቱ ግዢዋ በላይ 200 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ዕቃና አገልግሎት ለመግዛት ቃል ገባች፤ ቅሬታ ካልተፈታ ደግሞ ቀረጥ መልሶ መጣል ይቻላል የሚል አንቀጽ ገባ። ግዢው አልተሟላም። ቃሉ በቁጥር ስለተጻፈ ግን መጉደሉን ማንም መካድ አልቻለም፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዛሬ በወግ አጥባቂዎቹ መካከል ያለው መለያየት የሚታየው በኢራን ላይ ነው። ጁን 22 ቀን 2025 አሜሪካ ፎርዶን፣ ናታንዝንና ኢስፋሃንን ስትደበድብ አንዱ ወገን ማስረጃ ያለ ቅጣት ወረቀት ነው ብሎ ደገፈ። ሌላው ወገን፣ «አሜሪካ ትቅደም» ከሚሉት ብዙዎቹ፣ አገራቸውን ሌላ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ውስጥ መክተት የሬገን ውርስ አይደለም አሉ። ኢራን ብዙም ሳትቆይ ከኤጀንሲው ጋር የነበራትን ትብብር የሚያግድ ሕግ አወጣች፤ ተቆጣጣሪዎቹም አገሪቱን ለቀው ወጡ። በቀጣዮቹ ወራት 60 በመቶ የበለጸገ፣ ከ400 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ዩራኒየም የት እንዳለ በአካል ሄዶ ያየ ተቆጣጣሪ አልነበረም።