በዳጋ እስጢፋኖስ ያረፉ ነገሥታት

ዳጋ እስጢፋኖስ በጣና ሐይቅ ላይ፣ ከትልቁ የደቅ ደሴት አጠገብ ባለች ቁልቁለታም ደሴት ጫፍ ላይ የተሠራ ገዳም ነው። ሁለቱም ደሴቶች በአስተዳደር በባሕር ዳር ዙሪያ ወረዳ ሥር ናቸው። መሥራቹ አቡነ ሂሩተ አምላክ ሲሆኑ፣ ከክብራኑ አባ ዮሐንስ፣ ከዘጌው አቡነ በትረ ማርያምና ከገሊላው አባ ዘካርያስ ጋር «ሰባቱ የጣና ከዋክብት» ከሚባሉት፣ በሐይቁ ዙሪያ ገዳማትን ከመሠረቱ ቅዱሳን አንዱ ናቸው። ገዳሙ በይበልጥ የሚታወቀው ግን በዕቃ ቤቱ ውስጥ በተቀመጡት የአምስት ዐፄዎች አፅም ነው፦ ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት ቀዳማዊ፣ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ዘድንግል እና ፋሲለደስ።

በጎጃም ገጠር የተለመደው መቃብር ስም የለውም። ሟች በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ይቀበራል፤ ላዩ ድንጋይ ይከመርበታል፤ ፍትሐቱና ተዝካሩ ያልቃል፤ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማን እንደሆነ የሚያውቁት የደብሩ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። የዳጋው አቀማመጥ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። አፅሞቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ጎናቸው መስታወት በሆነ ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት በላይ ተቀምጠዋል። መቃብር ሳይሆን ማከማቻ ነው ቢባል ይቀላል።

ከአምስቱ የሚበልጠው ታሪክ የዘድንግል ነው። የንግሥናቸው ዘመን አጭር ነበር። ወደ ካቶሊኮቹ ማዘንበላቸው ሲታወቅ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ወታደሩን ከመሐላው ፈቱት፤ ራስ ዘሥላሴም አመፁባቸው። በ1597 ዓ.ም. በደምቢያ ባርጫ ላይ በተደረገው ውጊያ ተገደሉ። ሬሳቸው ሜዳ ላይ ከቆየ በኋላ የአካባቢው ገበሬዎች ቀበሩት። አፅሙ ወደ ዳጋ የተወሰደው ቆይቶ፣ ዐፄ ሱስንዮስ ሥልጣን ላይ ሳሉ ነው።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1460 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አረፉ። ከገዳሙ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ግን ከሞታቸው በፊት ይጀምራል፤ በገዳሙ የሚገኘውን ታላቁን የእመቤታችን ሥዕል ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን የሣለው በእሳቸው ዘመን ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1624 ዓ.ም. ከአባታቸው ከሱስንዮስ ዙፋኑን ተረክበው የተዋሕዶን እምነት መለሱ፤ ጎንደርን ቆረቆሩ፤ በ1660 ዓ.ም. አዘዞ ላይ ሞቱ። ዋና ከተማቸው ከሐይቁ ማዶ ሳለ ዳጋ መወሰዳቸው የደሴቲቱን ክብር ያሳያል። ይኩኖ አምላክ ከዛጉዌ በኋላ ሥርወ መንግሥቱን የመለሱ፣ በ1277 ዓ.ም. የሞቱ ናቸው። ዳዊት ደግሞ የዘርዐ ያዕቆብ አባት ናቸው።

ነገሥታቱ ለምን ወደ ሐይቅ መጡ? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ደሴት በታንኳ ካልሆነ አይደረስባትም፤ ለመጠበቅ ይቀላል። የነገሥታት መካነ መቃብር የነበረችው አትሮንሰ ማርያም በግራኝ አሕመድ ዘመቻ ጊዜ ተቃጥላለች፤ በዚያ ዘመንና ከዚያም ወዲህ የጣና ደሴቶች ለጽላትም፣ ለመጽሐፍም፣ ለአፅምም መሸሸጊያ ሆነዋል።

በዝርዝሩ ላይ ስሕተት ይበዛል። አንዳንዶች ሱስንዮስን ይጨምሩበታል፤ እሳቸው የተቀበሩት ግን አዘዞ፣ ገነተ ኢየሱስ ነው። አድያም ሰገድ ኢያሱም በሐይቁ ላይ ቢገደሉም መቃብራቸው በምጽራሐ ደሴት እንጂ በዳጋ አይደለም። በተቃራኒው ከጎጃም የወጡ ትልልቅ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ያርፋሉ፤ የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በደርግ ከተገደሉ በኋላ አፅማቸው የተቀበረው አዲስ አበባ፣ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ነው።

አፅምን የሚጎዳው እርጥበትና የሰው እጅ ነው። ሣጥኑ በተከፈተ ቁጥር የሐይቁ እርጥብ አየር ይገባል፤ ጨርቁ ይበሰብሳል፤ የሚነካካ ሰው ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። ስለዚህ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ሣጥን አልከፍትም ቢል ትክክል ነው፤ መወትወት አያስፈልግም። የካሜራ ብልጭታም እንዲሁ መጥፋት አለበት።

ዳጋ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት ወደ ደሴቲቱ አትወጣም፤ ከቤተሰብ ጋር የሚሄድ ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። መነሳት ያለበት ማለዳ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉም ትናንሽ ጀልባዎችን ያስቸግራል። ከጀልባው መውረጃ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ዳገት ስለሆነ ውኃ ይያዝ። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ሲሆን የሚወጣውም ወደ 9 ሰዓት ነው፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዙት አባትም ቅዳሴ ላይ ስለሚሆኑ፣ በጾም ቀን የሚሄድ ከቅዳሴ በፊት ይድረስ፤ አለዚያ መመለሻው ከነፋሱ ጋር ይጋጠማል።