የቀለም መዛባት፦ የጎጃምን መልክዓ ምድር ፎቶ ስናርም

ጠዋት ደጀን አፋፍ ላይ ቆማችሁ የዓባይን በረሃ ታነሳላችሁ። ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት ገደሉ በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ! ካሜራው አልተበላሸም። ፀሐይ ገና ያልደረሰችበትን ገደል የሚያበራው ሰማዩ ነው፤ የሰማይ ብርሃን ደግሞ ሰማያዊ ነው። ዓይናችን ቶሎ ስለሚለምደው ቦታው ላይ ሆነን አይታወቀንም። ፎቶው ላይ እንዲህ አለቦታው የሚያርፍ ቀለም የቀለም መዛባት ይባላል። እኔ ኤዲት ስጀምር እሱን ሳላርም ሌላ ነገር አልነካም።

የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው። የቀትር ፀሐይ 5,500 ገደማ ነው፣ ደመና ሲሆን ወደ 6,500 ይጠጋል፣ ጥላ ውስጥ ከ7,000 ያልፋል። ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራምም ሆነ ስልክ ላይ በሚሠራው ስናፕሲድ፣ ዋይት ባላንስ (የነጭ ሚዛን) ውስጥ ሁለት ማስተካከያዎች ታገኛላችሁ። ቴምፕሬቸር ሰማያዊና ቢጫን፣ ቲንት አረንጓዴና ማጀንታን ያመዛዝናል። መጀመሪያ ቴምፕሬቸርን አስተካክሉ፣ ቲንት ብዙ ጊዜ ትንሽ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ዓይናችሁን ካላመናችሁት፣ ጠብታ መምጠጫ የምትመስለዋን ምልክት ያዙና በእውነትም ነጭ ወይም ግራጫ የሆነ ነገር ላይ ንኩ። ፕሮግራሙ ያንን ቦታ ቀለም አልባ አድርጎ ሌላውን ሁሉ በዚያው ልክ ያስተካክለዋል። ችግሩ የሚነካውን መምረጥ ላይ ነው። ጋቢ ነጭ ይመስላል፣ ግን የቆየ ጋቢ ወደ ቢጫ ያደላል። እኔ የገደሉን ደረቅ ግራጫ ድንጋይ እመርጣለሁ። የጢስ ዓባይ አረፋ በበጋ ጥሩ ነው፤ በክረምት ግን ውሃው አፈር ተሸክሞ ስለሚወርድ እሱን ከነካችሁ ፕሮግራሙ ቡናማውን ስህተት ነው ብሎ ያጠፋውና ሣሩ፣ ዛፉ፣ ሰማዩ ሳይቀር ሰማያዊ ይለብሳል። የክረምት ዓባይ ቡናማ ነው። ይህ መዛባት ሳይሆን የወንዙ የራሱ መልክ ነው፣ እባካችሁ አታጥቡት።

አደይ አበባም እንደዚያው ነው። አንድ መስከረም ደብረ ማርቆስ አካባቢ ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር የሞላ የአደይ ሜዳ አንስቼ ነበር። ካሜራው ኦቶ ላይ ነበርና ያን ሁሉ ቢጫ ሲያይ ብርሃኑ ቢጫ ነው ብሎ ገመተ፣ ሰማያዊም ጨመረበት። አበባው ገረጣብኝ። ፎቶው ጄፔግ (ካሜራው አቀናብሮና ጨምቆ የሚያስቀምጠው የተለመደ ፋይል) ስለነበር ቢጫውን ልመልስ ስጎትት ሰማዩ ላይ ደረጃ ደረጃ የሚመስል መስመር ወጣ። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 እርከን ብቻ ነው ያለው። 14 ቢት ሮው (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ግን 16,384 አለው፣ ዋይት ባላንሱም ኤዲት ላይ እንደልብ ይቀየራል። ካሜራችሁ ሮው ካለው በእሱ አንሱ።

ከባዱ ሁለት ብርሃን ሲገናኝ ነው። ጮቄ ተራራ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ የጅብራው (በደጋው ላይ የሚቆመው ረጅም ተክል) አንድ ጎን ወርቅ ይሆናል፣ ሌላው ጎኑ በጥላ ሰማያዊ። በአንድ ማስተካከያ ሁለቱን ልታርሙ ብትሉ ጥላው ሲስተካከል ወርቁ ብርቱካን ሆኖ ይጮኻል። ስለዚህ ጥላውን በማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ ለማረም በሚያስችለው መሣሪያ) ለይታችሁ ጥቂት ወደ ቢጫ አሙቁት። ወርቁን አትንኩት፣ ወጥታችሁ የጠበቃችሁት ለእሱ አይደል? የሩቅ ተራራ ሰማያዊነትም ትንሽ ይቅር፣ ርቀቱን የሚነግረን እሱ ነው።

ደግሞ ኤዲት የምታደርጉት ማታ ከሆነ የስክሪኑን የማታ ሞድ አጥፉ። እሱ ስክሪኑን ቢጫ ስለሚያደርገው ሳታውቁት ፎቶውን ሰማያዊ ታደርጉታላችሁ። ጨርሻለሁ ካላችሁ በኋላም ፎቶውን ሳታጋሩ አሳድሩትና ጠዋት ዓይናችሁ አርፎ እንደገና እዩት።