ስለ ጸሎት መልስና ስለ እግዚአብሔር መግቦት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጸሎትህ ያልተመለሰው እምነትህ ስላነሰ ነው»

ከሁሉ የሚከፋው ይህኛው ነው። አልጋ የያዘ ታማሚ፣ ልጁን የቀበረ ወላጅ በሐዘኑ ላይ ሌላ ሸክም ይጫንበታል፤ ያውም ሊያጽናኑት በመጡ ሰዎች አፍ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ቀስ ብሎ ያነበበ ግን ይህን ለመናገር አይደፍርም። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ አስገደለ፤ ጴጥሮስንም ወህኒ ጣለው። ጴጥሮስን መልአክ መጥቶ አወጣው። ታዲያ ያዕቆብ እምነት ጎድሎት ነበር? ጌታ በተራራው ላይ ክብሩን ሲገልጥ ከጴጥሮስ ጋር አብሮ ያየ ሐዋርያ እኮ ነው!

ደግሞም ለጴጥሮስ ተሰብስበው ሲጸልዩ የነበሩት ሰዎች ራሳቸው መልሱን አላመኑም። ሮዴ የምትባለው ገረድ ጴጥሮስ ደጅ ቆሟል ብትላቸው «አብደሻል» አሏት። እግዚአብሔር ግን አስቀድሞ አውጥቶት ነበር። የታመመ ልጁን ወደ ኢየሱስ ያመጣው አባትም የጮኸው «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ነው፤ ልጁም ተፈወሰ። እምነት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ጌታ በገዛ አገሩ ስለ አለማመናቸው ብዙ ተአምራት እንዳላደረገ ማቴዎስ ጽፏል። የእነዚያ ሰዎች አለማመን ግን ንቀት ነበር። የንቀትን ተግሣጽ በሕመም ተሰብሮ ለሚለምን ሰው ማዋል ግፍ ነው።

«የለመንኩት ካልሆነ አልሰማኝም»

ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ። መውጊያው አልራቀም፤ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። ይህም መልስ ነው።

የታወቀው የቤተ ክርስቲያን መምህር የአውግስጢኖስ እናት የሞኒካ ታሪክ ለእኔ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ383 ዓ.ም. ልጇ በሰሜን አፍሪካ ካለችው ከካርታጎ ወደ ሮም በመርከብ እንዳይሄድ ሌሊቱን እያለቀሰች ስትጸልይ አታሏት ሄደ። በዚያች ሌሊት የለመነችው አልተሰጣትም። ከሮም ወደ ሚላኖ አለፈ፤ በዚያ የጳጳሱን የአምብሮስዮስን ስብከት ሰማ፤ በ387 ዓ.ም. በፋሲካ ተጠመቀ። እግዚአብሔር የዚያችን ሌሊት ልመና የከለከላት ዘወትር የምትለምነውን፣ የልጇን ወደ እምነት መመለስ፣ ሊሰጣት እንደሆነ ልጇ ራሱ በኋላ መስክሯል። ሁላችንም እንዲህ የምክንያቱን መጨረሻ በዕድሜያችን እናያለን ማለት ግን አይደለም።

«እግዚአብሔር ሁሉን ካወቀ መጸለይ ለምን?»

ኢየሱስ አባታችሁ ሳትለምኑት የሚያስፈልጋችሁን ያውቃል ካለ በኋላ ወዲያው አባታችን ሆይን አስተማረ። የነቀፈው በቃል ብዛት የሚሰሙ የሚመስላቸውን እንጂ የሚለምኑትን አይደለም።

«ሁሉ ለበጎ ነው፤ ስለዚህ አታልቅስ»

ሮሜ 8፥28 ነገር ሁሉ በራሱ በጎ ነው አይልም፤ እግዚአብሔር ለሚወዱት ሁሉን ለበጎ እንደሚያደርግ ይናገራል። ዮሴፍ ወንድሞቹን ይቅር ሲላቸው እንኳ እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ ከማለት አልተመለሰም። ኢየሱስም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር ከሌሎቹ የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል። እንግዲህ የሰውን መከራ ምስጢር እንደሚያውቅ ሆኖ መተንተን ከየት የመጣ ሥልጣን ነው?

«በእግዚአብሔር የሚታመን እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል»

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ጠላቶች ቢነሡበት ጸለየ፤ ዘበኛም አቆመ። ጳውሎስ በማዕበል ውስጥ ሳለ በመርከቡ ከነበሩት 276 ሰዎች አንድም ነፍስ እንደማይጠፋ መልአክ ነግሮት ነበር። መርከበኞቹ በታንኳ ሊያመልጡ ሲሉ ግን «እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ ልትድኑ አትችሉም» ብሎ ወታደሮቹን አስጠነቀቀ። ተስፋው የመርከበኞቹን ሙያ አላስቀረውም። ሌሎቹንም እህል እንዲቀምሱ ለመናቸው። በመጨረሻ መርከቡ ተሰብሮ ዋና የሚያውቁት ዋኝተው፣ የቀሩት በሳንቃና በስባሪ ላይ ሆነው ሁሉም የብስ ደረሱ።

ሕክምናም እንዲሁ ነው። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆድህና ስለ ተደጋጋሚ ሕመምህ ጥቂት ወይን ጠጣ ሲለው፣ ጸሎትህን ተው ማለቱ አልነበረም።