ድንጋይ የለበሰ ግግር በረዶ፦ አቀላለጡና አካሄዱ

ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው በረዶ ማለት ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው፤ አለዚያም ከፍሪጅ የሚወጣው። ቋንቋችንም ብዙ አይለያቸውም። ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ተራራ ላይ ለዘመናት የሚከመረውንም "በረዶ" ብለን እናልፋለን። እዚህ ግግር በረዶ የምንለው ሁለተኛውን ነው። አመዳይ፣ ማለትም በብርድ አገር እንደ ጥጥ ሆኖ የሚወርደው ነጭ ብናኝ፣ ከዓመት ዓመት ሳይቀልጥ ይደራረባል፤ በራሱ ክብደት ተጨምቆ ይጠጥራል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ቁልቁል ይሄዳል።

አንዳንዱ ግግር ታችኛው ክፍሉ በድንጋይ የተሸፈነ ነው። ከሩቅ ያየው ሰው ኮረት የተደፋበት ሸለቆ እንጂ በረዶ አይመስለውም። ድንጋዩ የሚመጣው ግራና ቀኝ ካሉት ገደሎች በናዳ ነው። ላይኛው ክፍል ላይ የወደቀው በአመዳይ ተቀብሮ ከበረዶው ጋር ይጓዛል። ታች ሲደርስ በረዶው ይቀልጣል፤ ድንጋዩ ግን ወዴትም አይሄድም፣ እዚያው ይከማቻል። ከዓለም የተራራ ግግሮች ስፋት በድንጋይ የተሸፈነው ከ4 እስከ 7 በመቶ እንደሚሆን ይገመታል። በፓኪስታን 63 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ባልቶሮ፣ በኔፓል ኩምቡና ንጎዙምፓ፣ በጣሊያን ሚያዥ የታወቁት ናቸው። በአፍሪካ የቀሩት የኬንያ፣ የኪሊማንጃሮና የሩዌንዞሪ በረዶዎች ትንንሽ ናቸው።

ዋናው ጥያቄ ድንጋዩ በረዶውን ያቀልጠዋል ወይስ ያቆየዋል የሚለው ነው። መልሱ ውፍረቱ ላይ ነው ያለው። ይህን ለመረዳት ሂማላያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በመጋቢት ቀትር ላይ ጣና ዳር ያለውን ጥቁር ድንጋይ በባዶ እግር መርገጥ አይሞከርም። ከፍ ያለውን ድንጋይ ገልበጥ ሲያደርጉት ግን ሥሩ ያለው አፈር ርጥብና ቀዝቃዛ ነው። ሙቀቱ ላዩ ላይ ቀርቷል።

በረዶም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ነጭ በረዶ አብዛኛውን የፀሐይ ብርሃን ይመልሳል። አቧራ ወይም ስስ ጠጠር ሲያርፍበት ይጠቁርና ሙቀቱን ይስባል፤ ሙቀቱም ወዲያው በረዶው ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ከባዶው በረዶ ይልቅ ቶሎ ይቀልጣል። ሽፋኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ካለፈ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሙቀቱ ድንጋዩን ሰንጥቆ ሳይደርስ ይመሻል። ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነማ በረዶውን አዳፍኖ ያቆየዋል። ይህን ለክቶ ያሳየው ኖርዌያዊው ጉናር ኦስትሬም ነው፣ በ1959 በፈረንጆቹ። ዛሬም ድረስ ተመራማሪዎች የሚነሡት ከእሱ ነው።

አካሄዱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ግግር በረዶ ሁለት ዓይነት ጉዞ አለው፦ በክብደቱ ውስጡ እየተለጠጠ ይወርዳል፤ ሥሩ የቀለጠ ውሃ ሲኖር ደግሞ አለቱ ላይ ይንሸራተታል። ጉልበቱ የሚመጣው ከውፍረቱና ከተዳፋቱ ነው። ድንጋይ የለበሰው ግግር ጫፉ በወፍራም ሽፋን ተጠብቆ ይቀራል፤ ሽፋኑ የሳሳበት መሃሉ ግን ይሟሟል። ተዳፋቱ እየቀነሰ ሜዳ ይሆናል፤ ጉዞውም ይደክማል። የኩምቡ የታችኛው ጫፍ ከሞላ ጎደል ቆሟል ማለት ይቻላል። ውሃ መውረጃ ሲያጣ ላዩ ላይ ኩሬ ይቋጥራል። ኩሬው ዳሩን እየበላ ራቁቱን የቆመ የበረዶ ገደል ያወጣል፤ እዚያ ላይ ደግሞ የሚከላከል ድንጋይ የለም። በኔፓል ኢምጃ የሚባለው ሐይቅ ከእንዲህ ያሉ ትንንሽ ኩሬዎች መያያዝ የተወለደ ነው። በ2016 ጎርፍ እንዳያስነሣ ተፈርቶ ውሃው ከ3 ሜትር በላይ እንዲቀንስ ተደርጓል።

ሳተላይት ሲለካ በሂማላያ ድንጋይ የለበሱት ግግሮች ከባዶዎቹ ባልተናነሰ እየሳሱ መሆናቸው ታይቷል። ምክንያቱ ላይ ገሚሱ ተመራማሪ ኩሬና ገደሉን ይወቅሳል፤ ገሚሱ ከላይ የሚመጣው በረዶ ስለቀነሰ ነው ይላል። ሁለቱም እጃቸው ያለበት ይመስላል።

እኛም ባዳ አይደለንም። በስሜን፣ በቧሂትና በራስ ደጀን አካባቢ ጥንት ግግር በረዶ ገፍቶ የተወው የድንጋይ ክምር አለ። በባሌ የነበረው ደግሞ ሰፊ ነበር፤ ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት። አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ባስጻፈው፣ የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገልብጦ ባቆየልን ጽሑፍ፣ የስሜን በረዶ ሰውን እስከ ጉልበት ያሰምጣል ተብሏል። ያ ግግር ሳይሆን አመዳይ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ የቆየ ምስክር ያለው አገር ግን ብዙ አይደለም።

የስሜን ውሃ በአብዛኛው ወደ ተከዜ እንጂ ወደ ጣና አይወርድም። ሆኖም ያ የበረዶ ዘመን ጣናንም አልማረውም፤ ብርዱ ከድርቅ ጋር ነበር የመጣው። ከሐይቁ ወለል የተቆፈረው ደለል እንደሚያሳየው ጣና ደርቆ ነበር። ዛሬ በጥልቁ 14 ሜትር የሚደርሰው መሃሉ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ረግረግ ሆኖ ታንኳ የምንሠራበት ደንገል በቅሎበታል። ከዚያ ዝናቡ ተመለሰ፣ ሐይቁ ሞላ፤ ከ14,750 ዓመት በፊት ገደማም ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ።